ከርቤ የምንለው ስንት ዛፍ ነው?

በ1980ዎቹ በይሁዳ በረሃ፣ አንድ ዋሻ ውስጥ ሲቆፍሩ የነበሩ ተመራማሪዎች አንዲት ትንሽ ዘር አገኙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ዘሯ ለዓመታት ተቀመጠች። በ2010 አፈር ውስጥ ገባች። አምስት ሳምንት ገደማ ቆይታ በቀለች። ዕድሜዋ በካርቦን ሲለካ ከ993 እስከ 1202 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የነበረች ሆና ተገኘች። ሺህ ዓመት ገደማ ደርቃ የቆየችው ዘር ዛሬ ከሰው ቁመት በላይ የሆነች ዛፍ ናት። ስሟንም ሳባ ብለዋታል።

ስሙ ያለ ነገር አልወጣም። ጆሴፈስ የተባለው የመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ፣ በይሁዳ ምድር ዝነኛ የነበረው የበለሳን ተክል ለሰሎሞን በስጦታ የመጣ ነው ይላል። ያመጣችውም ንግሥተ ሳባ ናት። እንዲያውም እሷን የግብፅና የኢትዮጵያ ንግሥት ይላታል። እኛ ዘንድ ታሪኳ በሌላ መልክ ይነገራል፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። ያ በለሳን ከዚያ ምድር ከጠፋ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ተመራማሪዎቹም ዘሯ ስትበቅል ተስፋ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ የጠፋው በለሳን ተመለሰ ለማለት።

አልሆነም። ተመራማሪዋ ሳራ ሳሎን የምትመራው ቡድን ውጤቱን በ2024 ሲያወጣ፣ ዛፏ የከርቤ ዛፍ ካለበት፣ ኮሚፎራ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን መሆኗ ተረጋገጠ። እስከዚህ ድረስ ግምቱ ትክክል ነበር። ነገር ግን የበለሳን መዓዛ የላትም። በዘረመል የሚቀርቧት ዘመዶቿም ያሉት ደቡባዊ አፍሪካ ውስጥ ነው። የትኛው ዝርያ ናት የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። እስከዚያ ጊዜ አላበበችም፤ አላፈራችም። በዚህ ወገን ውስጥ ደግሞ አበባና ፍሬ ሳያዩ ስም መስጠት በጣም ከባድ ነው። ምናልባትም ዛሬ በምድር ላይ የሌለ ዝርያ ልትሆን ትችላለች ተብሏል።

ዜናውን ያነበበ ሁሉ በዕድሜዋ ተገረመ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ዛፏ ፊታቸው ቆማለች፤ የዘረመል ምርመራው በእጃቸው አለ፤ ግን ማንነቷን መናገር አልተቻለም። ይህ የአንዲት ዛፍ ጣጣ አይደለም። መላው የኮሚፎራ ወገን እንዲህ ነው። ሁለት መቶ ገደማ ዝርያ ያለውን ወገን ዓለም በሁለት ሦስት የገበያ ስም ይጠራዋል። ከዚያ ደግሞ በእነዚያ ስሞች ይሸጠዋል፣ መድኃኒት ነው ይላል፣ ይጠበቅ ይላል። ስሙ ስር ያሉት ዛፎች ግን የተለያዩ ናቸው። አንዱ ሲበዘበዝ ሌላው ይቆማል፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ስሙን ተሸክሞ ይቀጥላል። ስለዚህ መጥፋቱም አይታይም።

ግማሹን ዓመት የሞተ የሚመስል ዛፍ

ኮሚፎራ የዕጣን ዛፍ ዘመድ ነው። ሁለቱም ቡርሴራሲ ከሚባለው የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው። የዕጣን ዛፍ ወገን የሆነው ቦስዌሊያ ሃያ አራት ያህል ዝርያ ቢኖረው ነው። ኮሚፎራ ግን የቤተሰቡ ባለ ብዙ ልጅ ነው። ወደ 200 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ አፍሪካ፣ ዓረቢያና ማዳጋስካር ናቸው። ጥቂቶች ሕንድና ፓኪስታን ደርሰዋል። አንዱማ፣ ኮሚፎራ ሌፕቶፍሊዮስ የሚባለው፣ አትላንቲክን ማዶ ተሻግሮ በብራዚል ደረቅ ደኖች ይገኛል። እዚያ የግንዱን ክፍተት የማይናደፉ ንቦች ቤት አድርገውታል።

እኛ ያለንበት አካባቢ የዚህ ወገን ዋና መኖሪያ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ተነስቶ ቦረናን፣ ባሌን፣ ኦጋዴንን አልፎ እስከ ሰሜን ሶማሊያ የሚዘልቀው ቆላ፣ በሳይንስ ሰዎች ዘንድ የሚታወቀው በሁለት ዛፎች ስም ነው፤ የግራርና የኮሚፎራ ቁጥቋጦ ምድር ይሉታል። በ1989 የታተመው የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሦስተኛ ቅጽ ላይ የዚህን ቤተሰብ ምዕራፍ ያዘጋጀው ካይ ቮለሰን ነው። እዚያ የተመዘገቡት የኮሚፎራ ዝርያዎች ከ50 ይበልጣሉ። ከመላው ወገን ሩብ ያህሉ ማለት ነው።

ኑሯቸው ድርቅን የለመደ ነው። ዝናብ ሲመጣ ቅጠል ያወጣሉ፤ ዝናቡ ሲያልፍ ያራግፋሉ። በዓመት ውስጥ ቅጠል ይዘው የሚታዩት ለጥቂት ወራት ነው። የቀረውን ጊዜ መንገደኛ ቢያያቸው ደርቀው የሞቱ ይመስሉታል። ብዙዎቹ እንደ ወረቀት እየተላጠ የሚነሳ ቅርፊት አላቸው። ከሥሩ ግን አረንጓዴ ነው። ቅጠል በሌለበት ወቅት የፀሐይ ብርሃንን ይዞ ምግብ የሚሠራው ይህ አረንጓዴ ቅርፊት ነው። ግንዳቸው ውሃ ያጠራቅማል። እንጨታቸው ቀላል ነው፤ የወተት ዕቃና በርጩማ የሚጠረብባቸው አሉ።

ለመለየት አስቸጋሪ ያደረጋቸውም ይኸው ኑሮ ነው። ብዙዎቹ የሚያብቡት ቅጠል ከማውጣታቸው በፊት ነው። አበባዋ ደግሞ ኢምንት ናት። አበባ ሲኖር ቅጠል የለም። ቅጠል ሲመጣ አበባው ረግፏል። ፍሬው በሌላ ጊዜ ነው። ቅጠሉም አይታመንም፤ በአንድ ዛፍ ላይ በረጅሙ ቀንበጥና በአጭሩ ቀንበጥ ላይ ያለው ቅጠል ሊለያይ ይችላል። በዚያ ላይ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የቆሙ ዛፎች ናቸው። ከፊትህ ያለው ወንድ ከሆነ ፍሬ እጠብቃለሁ ማለት ዘበት ነው። አንድን ዛፍ በወጉ ለማወቅ በዓመት ውስጥ ተመላልሶ ማየት ያስፈልጋል። የዕፅዋት ተመራማሪ ግን ወደ ኦጋዴን ቆላ የሚወርደው ምናልባት አንዴ ነው። ቅንጥብጣቢ ይዞ ይመለሳል። ያ ቅንጥብጣቢ በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ስም ይወጣለታል። ሌላ ሰው ሌላ ወቅት ላይ ያንኑ ዛፍ አግኝቶ ሌላ ስም ያወጣለታል። ዋናው የከርቤ ዛፍ ራሱ ኮሚፎራ ሚራም ኮሚፎራ ሞልሞልም ተብሎ በመጻሕፍት ሲዞር የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው።

ልዩነቱ ከየት መጣ?

አንድ ወገን እንዴት እስከ 200 ይበዛል? ለዚህ አንድ ወጥ መልስ የለም። ከተጠኑት ነገሮች ግን ሁለቱን ላንሳ። አንዱ ወፍ ነው፣ ሌላው ጥንዚዛ።

የኮሚፎራ ፍሬ ሲበስል ቆዳው ይሰነጠቃል። ውስጡ ጠቆር ያለ ዘር አለ፤ በቀይ ወይም በቢጫ ሥጋ የተጠቀለለ። ይህ ወፎችን መጥሪያ ነው። ወፏ ሥጋውን ፈልጋ ዘሩን ይዛ ትሄዳለች። ተመራማሪዎች የደቡብ አፍሪካውን ኮሚፎራ ሃርቬይና የማዳጋስካሩን ኮሚፎራ ጊዮሚኒ አነጻጽረው ነበር። ደቡብ አፍሪካ ላይ ፍሬውን የሚበሉ ወፎች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ከአሥር ዘር ሰባቱ ያህል ከእናት ዛፉ ርቆ ይወሰዳል። ማዳጋስካር ላይ ፍሬ በል ወፍ ጥቂት ነው። ሥራው በአብዛኛው የተጣለው በአንድ የበቀቀን ዝርያ ላይ ነው። ርቆ የሚሄደው ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። የቀረው እዚያው እናቱ ሥር ይወድቃል።

ውጤቱ በዘረመል ላይ ይታያል። ዘር ርቆ ካልሄደ እያንዳንዱ ሠፈር ከጎረቤቱ ይነጠላል። የማዳጋስካሩ ዛፍ ሠፈሮች እርስ በርስ ያላቸው ልዩነት ከደቡብ አፍሪካው በጣም የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው መነጣጠል ለሺህ ትውልድ ሲቀጥል አዲስ ዝርያ ሊወልድ ይችላል። ማዳጋስካር ብቻዋን ወደ 50 የሚገመቱ፣ ሌላ ቦታ የሌሉ የኮሚፎራ ዝርያዎች ያሏት አንዱ ምክንያት ይህ ቢሆን አይገርመኝም። የሚያበዛቸው ነገር ግን የሚያጋልጣቸውም ነው። ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ ያለ ዝርያ፣ ያቺ ቦታ ስትመነጠር አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙጫው ነው። ዛፉ ሙጫ የሚያመርተው ለቤተ ክርስቲያን ጥና ብሎ አይደለም። ቁስሉን ይዘጋበታል፤ የሚበላውን ነፍሳት ይከላከልበታል። ሜክሲኮ ውስጥ ያለው የቅርብ ዘመዱ ቡርሴራ በዚህ በኩል ይብሳል። አንዳንዱ ዝርያ ቅጠሉ ሲነከስ ሙጫውን በግፊት ይረጫል። ይህን ለማለፍ የተካኑ ጥንዚዛዎች ደግሞ መጀመሪያ ሙጫው የሚያልፍበትን የቅጠሉን ደም ሥር ይቆርጣሉ፣ ግፊቱን ያበርዳሉ፣ ከዚያ ተደላድለው ይበላሉ። ዛፉ መከላከያውን ይቀይራል፤ ጥንዚዛው መላውን ይቀይራል። በዚህ እልህ ዘመናት ሲያልፉ ሁለቱም ወገን ይበዛል።

የአፍሪካው ኮሚፎራም የራሱ ጥንዚዛ አለው። በካላሃሪ የሚኖሩት የሳን ሕዝቦች ለአደን ቀስታቸው የሚቀቡት መርዝ የሚገኘው ዲያምፊዲያ ከሚባል ጥንዚዛ እጭ ነው። እጩ የሚያድገው የኮሚፎራ ቅጠል እየበላ ነው። ከዚያ ከዛፉ ወርዶ አፈር ውስጥ ይቀበራል። አዳኙ የቱ ዛፍ ሥር መቆፈር እንዳለበት ያውቃል። መርዙ ከዛፉ የመጣ አይደለም፤ የጥንዚዛው የራሱ ነው። የደም ሕዋሳትን እያፈረሰ ቀስ ብሎ ይገድላል። ሳይንስ ስለዚህ ዛፍና ጥንዚዛ ትስስር ገና ሳይጽፍ አዳኞቹ የዝርያ ልዩነቱን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

የሙጫው ኬሚስትሪም ከዝርያ ዝርያ ይራራቃል። አንዱ ይሸታል፣ አንዱ አይሸትም፤ አንዱ ዘይታማ ነው፣ አንዱ ውሃ ያሟሟዋል። በኛ ቆላና በኬንያ የሚገኘው ኮሚፎራ ሮስትራታ እንደ ዘመዶቹ ተርፒን በሚባሉት የሽታ ኬሚካሎች ላይ አልተመካም። የእሱ ሙጫ ኬቶን በሚባሉ ሌሎች ኬሚካሎች የተሞላ ነው። በቤተ ሙከራ ሲሞከር የበቆሎ ነቀዝን ያባርራል። ይህ ዛፍ በከርቤ ስም ጆንያ ውስጥ ቢገባ ሽታውም ጥቅሙም ሌላ ነው።

ጆንያው ውስጥ ያለው

ኮሚፎራ ሚራ የሚሰጠው ከርቤ ሦስት ነገር የተደባለቀበት ነው። ከ30 እስከ 60 በመቶው ውሃ የሚያሟሟው ሙጫ ነው። ከ25 እስከ 40 በመቶው አልኮል የሚያሟሟው ነው። የቀረው፣ ከጥቂት በመቶ እስከ አሥር በመቶ የሚደርሰው፣ የሚተነው ዘይት ነው፤ መዓዛው ያለው እዚህ ነው። ከርቤ ፍም ላይ ሲጣል እንደ ዕጣን ከመቅለጥ ይልቅ የሚነፋው ውሃ የሚያሟሟው ክፍል ስለሚበዛበት ነው።

የሶማሌ አርብቶ አደር እነዚህን ዛፎች አይቀላቅልም። የዋናውን ከርቤ ሙጫ መልመል ይለዋል። ኮሚፎራ ጊዶቲ ከሚባለው ዛፍ የሚገኘው ሌላ ነው፤ ሐበክ ሐዲ ይባላል፤ ጣፋጭ መዓዛ አለው፤ የሽቶ ኢንዱስትሪው ኦፖፖናክስ እያለ ይገዛዋል። ሐገር የሚባለው ደግሞ ከሌላ ዝርያ ነው፤ መዥገር ለማባረር የሚጠቀሙበት አሉ። ቦረናም ቁምቢ የሚለውን ከርቤ አገርሱ ከሚለው ሌላ ሙጫ ጋር አያምታታም። ሦስት የተለያየ ሙጫ፣ ሦስት የተለያየ ጥቅም። ልጅ እንኳ ከብት ሲጠብቅ የቱን መልቀም እንዳለበት ያውቃል።

ልዩነቱ የሚጠፋው መንገድ ላይ ነው። ለቃሚው ለሠፈር ነጋዴ ይሸጣል፣ ነጋዴው ለትልቁ ነጋዴ፣ ትልቁ ለላኪ። በየደረጃው ይቀላቀላል። መጋዘን ሲደርስ የሚለየው በቀለም፣ በንጽሕናና በመጠን ነው። ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ የሚጠይቅ ከተገኘ ደንበኛው ውጭ አገር ያለ ዘይት አምራች ነው። ቡናችን የይርጋ ጨፌ፣ የሐረር፣ የሲዳማ እየተባለ በአካባቢው ይሸጣል። ከርቤ ግን ከየት እንደመጣ ቀርቶ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ እንኳ ሳይነገር ይሸጣል። ቡናው ቢደባለቅ እንኳ አንድ ዝርያ ነው። ከርቤው አይደለም።

ይህን የአገራችን ኬሚስቶች አስቀድመው አሳይተዋል። አማን ደቀቦና ኤርምያስ ዳኜ ከስዊድናዊው ኦሎቭ ስተርነር ጋር በ2002 ባወጡት ጥናት ኮሚፎራ ስፌሮካርፓ የተባለውንና ሌሎች ከእውነተኛው ከርቤ ጋር የሚደባለቁ ሙጫዎችን ኬሚስትሪ መርምረዋል። የእያንዳንዱ ኬሚካላዊ አሻራ የተለየ ነው። ስለዚህ ጆንያው ውስጥ የቱ እንዳለ በቤተ ሙከራ ማወቅ ይቻላል። መደባለቁ ሁልጊዜ ማጭበርበር ነው ማለት አልችልም። ዋጋው አንድ ከሆነ ለቃሚው ለምን ይለይ? ለይቶ ያመጣውን ሰው የሚክስ ገበያ የለም።

ጉዳቱ መድኃኒቱ ላይ ይመጣል። የማርቆስ ወንጌል ክርስቶስ በተሰቀለበት ጊዜ ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን እንደሰጡት ይናገራል። በ1996 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የጣልያን ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከርቤ ውስጥ ያሉ ውሕዶች በአይጦች ላይ ሕመም እንደሚያስታግሱ አሳየ። ጥሩ። ግን ጥናቱ የሠራው በውሕዶቹ ላይ ነው። ገበያ ላይ ያለው ጆንያ እነዚያን ውሕዶች ይይዛል ወይ? እንደ ዛፉ ነው። ግብፅ ውስጥ ደግሞ ከከርቤ የተሠራ የቢልሃርዝያ መድኃኒት ወጥቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዘገባዎች አስደሳች ነበሩ። በኋላ የተደረጉት ሙከራዎች የፈወሰው ጥቂቱን እንደሆነ አገኙ። ከርቤ ለዚህ ነው ለዚያ ነው የሚል ቪዲዮ ስታዩ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት የትኛው ከርቤ የሚለውን ይሁን። በአብዛኛው ተናጋሪውም አያውቀውም።

ሕንድ ያየችው

መጨረሻው ምን ሊሆን እንደሚችል ለማየት ወደ ራጃስታንና ጉጃራት መሄድ ነው። እዚያ ያለው ኮሚፎራ ዋይቲ ነው፤ ሙጫው ጉጉል ይባላል። በአዩርቬዳ የሕክምና ባህል ውስጥ ዘመናት የኖረ ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን ውስጥ ኮሌስትሮል ያወርዳል ተባለ። ክኒን ሆኖ ዓለምን ዞረ። ፍላጎቱ ዘለለ።

ለቃሚዎች ከቀድሞው ጠለቅ አድርገው ግንዱን መብጣት ጀመሩ። ቁስሉ ላይ ሙጫውን የሚያበዛ ነገር ይቀባሉ። ዛፉ ያለ የሌለውን ሙጫ ያወጣና ይሞታል። ለሙጫ እስኪደርስ ግን ዓመታት የሚፈጅ ዛፍ ነው። ዛሬ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በእጅጉ ለመጥፋት የተቃረበ ብሎ መዝግቦታል። ከዱር ከመጥፋት አንድ እርከን ብቻ የሚቀር ደረጃ ነው።

ነገሩን የሚያባብስ ሌላም አለ። ይህ ዝርያ አብዛኛውን ጊዜ ዘር የሚሰጠው ያለ ወንድ ነው። ዘሩ የእናቱ ግልባጭ ይሆናል። ወንድ ዛፍ ብርቅ ነው። ለምለም የሚመስል ቁጥቋጦ ውስጥ ያለው ሁሉ በዘረመል አንድ ሊሆን ይችላል። አንዱን የገደለ በሽታ ወይም ድርቅ ሁሉንም የመግደል ዕድሉ ሰፊ ነው።

መራራው ነገር ደግሞ ይህ ነው። በ2003 ጃማ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሙከራ፣ 103 ሰዎችን ለስምንት ሳምንት ተከታተለ። ጉጉል የወሰዱት ሰዎች መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮላቸው አልወረደም። እንዲያውም ትንሽ ጨመረ። ዛፉ እየተጨፈጨፈ ያለው ጥብቅ ሙከራ ሲደረግ ባልታየ ጥቅም ነው።

ናሚቢያ ሌላ መንገድ ያዘች። በኩኔኔ የሚኖሩት የሂምባ ሴቶች ከኮሚፎራ ዊልዲ የሚለቅሙትን ሙጫ ኦሙምቢሪ ይሉታል። ለራሳቸው ሽቶ ነው። ዛፉን አይበጡም፤ በደረቁ ወቅት ራሱ የሚያንጠባጥበውን ይለቅማሉ። ይህ ሙጫ ለውጭ የሽቶ ዘይት ገበያ ሲቀርብ አለቃቀሙ አልተቀየረም። የሚሸጠውም በአንድ ዝርያ ስም ነው። ገዢው የሚገዛውን ያውቃል፤ ለቃሚዋም ዛፉ ቢሞት የምታጣውን ታውቃለች። ከሌላ አገር ልምድ መውሰድ ካለብን መውሰድ ያለብን ይህን ነው፤ እኛ ጋ ይህን የሚከለክል ነገር አይታየኝም። በቦረናና በሶማሌ ቆላም አርብቶ አደሩ ብዙውን ሙጫ የሚለቅመው ከብት እየጠበቀ፣ ራሱ የወጣውን ነው።

የኛ ቆላ

ስለ ዕጣን ዛፍ የሚያስደነግጥ ቁጥር አለን። በ2019 ኔቸር ሰስቴነብሊቲ ላይ የወጣ ጥናት፣ ቦስዌሊያ ፓፒሪፈራ የሚባለው የዕጣን ዛፍ ወጣት ተክል እየተካ እንዳልሆነ፣ በዚህ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣን ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ ተነበየ። ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው፦ ልቅ ግጦሽ፣ እሳት፣ ያለ ዕረፍት መብጣት፣ እንጨት የሚቦረቡር ጥንዚዛ። ከ50 በላይ ከሆኑት የኮሚፎራ ዝርያዎቻችን በዚህ ጥልቀት የተጠኑት ጥቂት ናቸው።

ጫናው ግን ያው ነው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። መንጋ አለቀ። ከብቱ ያለቀበት ቤተሰብ የሚሸጠው ነገር ሲያጣ ወደ ሙጫው ይዞራል። በደህናው ዘመን በጎን ይለቀም የነበረው የቤቱ ዋና ገቢ ይሆናል። ዛፉም በዚያው ድርቅ ውስጥ ያለ ነው። የተረፈችው ፍየል ደግሞ ቡቃያውን አትምርም።

እንዲያም ሆኖ ኮሚፎራ አንድ ትልቅ መታደል አለው። ቅርንጫፉን ቆርጦ መሬት ውስጥ መሰካት በቂ ነው፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ሥር ይሰዳሉ። በትግርኛ ዓንቋ የሚባለው ኮሚፎራ አፍሪካና እና ሌሎችም ሕያው አጥር ሆነው የሚተከሉት ለዚህ ነው። ችግኝ ጣቢያ የለ፣ ውሃ ማጠጣት የለ። መልሶ ለማልማት ከዚህ የቀለለ ዛፍ አይገኝም።

ግን እዚህም ላይ ዝርያና ፆታ ይመጣል። መቶ ቅርንጫፍ ከአንድ ዛፍ ላይ ቢቆረጥ መቶው አንድ ዛፍ ነው። እናት ዛፉ ወንድ ከነበረ መቶው ወንድ ነው፤ ፍሬ የለም፤ ወፍም አይመጣም። ዳገቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ዘገባው ይህን ያህል ሄክታር ለማ ይላል። ዘር የሚተካ ደን ግን አልተተከለም። ስለዚህ ቅርንጫፉ ከብዙ ዛፍ፣ ከወንድም ከሴትም፣ ከተራራቀ ቦታ መሰብሰብ አለበት። የቱ ዛፍ ፍሬ እንደሚሰጥና የቱ እንደማይሰጥ የሚያውቁት ደግሞ እዚያው ያሉት አረጋውያንና እረኞች ናቸው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር የደረቁ ናሙናዎች አሉት። ናሙናው ላይ የሳይንስ ስም ይጻፋል። የእረኛው ስም፣ ሙጫው መቼ እንደሚለቀም፣ ዛፉ ወንድ ይሁን ሴት አብሮ ቢጻፍና ከዚያው ዛፍ ትንሽ ሙጫ ቢያያዝ፣ መጋዘን ውስጥ ያለውን ጆንያ ከዛፉ ጋር ማገናኘት ይቻላል። ወጪው ብዙ አይደለም። የሚጠይቀው በተለያየ ወቅት ወደዚያው ዛፍ መመለስን ነው። ላኪዎችም መጀመሪያ የሚገዙበት ቦታ ላይ መልመሉን ከሌላው ለይተው ለየብቻ ዋጋ ቢሰጡ፣ መለየቱን ለቃሚው ራሱ ይጨርሰዋል። እውቀቱ አለው።

አንድ ነገር ግን በዚህም አይፈታም። እስካሁን ያነሳሁት ሙጫቸው ገበያ ስላለው ዛፎች ነው። ከ200ው ውስጥ እነዚህ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አብዛኛው ዝርያ አይሸትም፤ ገዢ የለውም። የማዳጋስካሮቹ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። የኦጋዴን ቁጥቋጦ ውስጥ ከከርቤው ጎን የቆሙትም ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። «ሙጫው ገቢ ስለሚያስገኝ ሕዝቡ ራሱ ይጠብቀዋል» የሚለው ክርክር ለእነሱ አይሠራም። እርሻ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመነጠሩት እነሱ ናቸው፤ ከርቤውን ግን ገበሬው ራሱ ሊያተርፈው ይችላል። ስለዚህ በዛፍ በዛፉ የሚደረግ ጥበቃ አይደርሳቸውም። የሚተርፉት ቁጥቋጦው እንዳለ፣ ከነወፉ ከነጥንዚዛው፣ በሰፊው ሳይነካ የሚቆይበት ቦታ ከተከለለላቸው ነው።